ትንንሽ ነገር ብቻ

የሰደበኝ ወልደአረጋይ ነው። ቀኑ ጥር 15 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ የቂርቆስ በዓል ዕለት፤ ቦታው ካዛንቺስ፣ እሱው ቤት፣ ጽዋ ማኅበር ላይ። የነፍስ አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ሊቆርሱ ሲሉ ጠርዙን እንድይዝላቸው ጠሩኝ። እጄን ስዘረጋ ወልደአረጋይ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ "ተከስተ፣ አንተስ ተወው፤ ዳቦው ጎማ ጎማ ይለናል" አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የነፍስ አባታችን እንኳ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ዳቦውን ሌላው ማኅበርተኛ፣ በለጠ፣ ያዘ፣ እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ "እሱ" ይበቃዋል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ጎማ መጠገን ገባሁ፣ እስካሁንም እዚያው ነኝ። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ከረባት አስሮ የኖረ ሰው ነው። ግቢያችን አንድ፣ ቧንቧችን አንድ፣ በሩም ከበሬ ፊት ለፊት። ሚስቱ ካረፉ በኋላ፣ ልጅም ስለሌለው፣ አመሻሹ ላይ የግቢውን ልጆች ደረጃው ላይ መሰብሰብ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። "ዛሬ ምን ደስ አላችሁ?" ይላቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ያመጣል፣ ያችን ነገር በግጥም ያደርጋታል፣ መጨረሻዋ ላይ ተመስገን ይላል። ከዚያ አባታችን ሆይ ይደገማል። ሙስሊሟ አዚዛ ድርሻዋን ስትጨርስ አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ ሌሎቹ አሜን ይሏታል። ሰፈርተኛው ወደደለት። "እኛ ልጆቻችንን በልታችኋል ወይ ብቻ ነው የምንጠይቃቸው፣ እሳቸው ግን" ይሉ ነበር፣ እኔ እየሰማሁ።

የኔዋ ልጅ ሰገን አንድ ቀን አትቀርም። እኔ ከሥራ ገብቼ መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ቆርቆሮ ላይ ስለሚንጣጣው ዝናብ አመሰገነች። "ለገሃር! ለገሃር!" እያለ ድምፁ ስለተዘጋበት የታክሲ ረዳት አመሰገነች። ጎረቤት ስለቆረሰላት ግማሽ አምባሻ፣ ስለ ድመቷ ሆድ ሙቀት፣ ምኑ ቅጡ። እኔ ግን የለሁም። ቀኑን ሙሉ በክሪክ በተነሳ መኪና ስር የምንበረከከው ለማን ሆነና?

አንድ ምሽት አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት። "እኔስ፣ ሰጉ? ስለ እኔ አታመሰግኚም?"

በጣም ገርሟት አየችኝ። "አባዬ ደግሞ። አንተ እኮ ትልቅ ነገር ነህ። ጋሼ ትንንሽ ነገር ብቻ ነው ያሉን።"

ማሚት፣ ባለቤቴ፣ ይህን ሰምታ ልቧ እስኪፈርስ ሳቀች፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አለችኝ። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው። "ጋሼ" ስትል ድምጿ እንዴት እንደሚለሰልስ ማሚት አልሰማችም።

ትንሽ ነገር ከሆነ ትንሽ ነገር ልሁን ብዬ ተነሳሁ። ኦሎምፒያ ወስጄ ኬክ አበላኋት። ለኬኩ ክሬም አመሰገነች። ከለገሃር ነጋዴዎች ጫማ ገዛሁላት። ኩሬ ስትረግጥ ጢቅ ጢቅ ለሚለው ለጫማው ድምፅ አመሰገነች፤ ልጆቹ ተንከተከቱ፣ እሱም አጨበጨበላት። ገዢው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጽዋው እኔ ቤት ሊገባ ሆነ። ወልደአረጋይ ልጆቹ ማኅበርተኛው ፊት አንድ አንድ ምስጋና ይበሉ አለ፤ ቂርቆስ ራሱ ሕፃን ነበር አለ፤ ሁሉም ተስማማ። እኔም የጎማ ሱቄ ቁጭ ብዬ በራሴ እጅ ግጥም ጻፍኩና ሰገንን አስጠናኋት፦

*ጫማ የገዛልኝ ከለገሃር፣*
*አባቴ ተከስተ ሺህ ዓመት ይኑር።*

በደንብ ያዘችው። ማታ ማታ አስባልኳት፣ ጠዋትም አስባልኳት። የዕለቱ ዕለት ሱቄን ዘግቼ እጄን በቤንዚን፣ ከዚያ በኦሞ፣ ከዚያ በሎሚ አሸሁ፣ ቆዳዬ እስኪቃጠል። ዳቦውን ራሴ ይዤ አስባረክሁ። ማንም ምንም አላለም።

የልጆቹ ተራ ደረሰ። አዚዛ እናቷ በር ላይ ቆማ እያየቻት ስለ ሱቅ ከረሜላ አለች፣ ተጨበጨበላት። ሰገን ተነሳች። "ጫማ የገዛልኝ" ብላ ጀመረች፤ ቆመች። ረስታው አይደለም፣ ከንፈሯ ላይ አየዋለሁ። ቀና ስትል ያየችው እኔን አይደለም። አጠገቧ ነበርኩ፤ እኔን አልፋ እሱን አየች።

"የራስሽን በይ፣ ልጄ" አላት።

እኔ ቤት፣ እኔ ፊት። ሰገን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንዲህ አለች፦

*መብራት ቢጠፋ ምን ያስፈራኛል፤*
*የጎማው ሽታ ቀድሞ ያቅፈኛል።*
*አባዬ መጥቷል፣ በሩ ጋ ቆሟል፤*
*ጌታ ተመስገን፣ ቤታችን ሞልቷል።*

በለጠ ነው መጀመሪያ የሳቀው። "ጎማው! አይ ጎማው!" አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ማሚት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። የነፍስ አባታችን "ይባርክሽ" አሉ። እኔ የሰማሁት ግን ያችኑ የጥር ወር ቃል ነው። ያን ያህል ወር የጠበቅኩት ምስጋና መጣ፤ የመጣው ግን በሱ ደረጃ በኩል፣ በሱ ስድብ ላይ ተጭኖ። ሰገን ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችኝ። ራሷን ዳበስኩና ጠላ አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቧንቧው ጋ ቆሜ እጄን አሸተትኩ። ሎሚ ሎሚ ይላል። ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ መጣ።

"እኔ አላስተማርኳትም" አለ ወልደአረጋይ። "ቃሏ የራሷ ነው። አንድ ምሽት ይህን ግጥም ይዛ መጣች፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ለትልቅ ቀን አስቀምጪው አልኳት።"

ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ከውሃው ስር አደረግኩ።

"ተከስተ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቀናሁብህ። እኔ መብራት ሲጠፋ ብመጣ፣ መምጣቴን የሚያውቅ ሰው አለ?" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ያኔ ዳቦው ላይ ያልኩህን... እስከ ዛሬ ይዘኸዋል እንዴ?"

መልሱ ነበረኝ። ስንቱን ወር ክሪክ ስር ተንበርክኬ የቀመምኩት፣ ቃል በቃል የማውቀው መልስ። ከቤት ውስጥ የሰገን ድምፅ ይሰማል፤ ድገሚው ብለዋት እየደገመችው ነው። ወልደአረጋይ ከዘራው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ግጥሙን እየሰማ ይሁን እኔን፣ አላወቅኩም።

ቧንቧውን ዘጋሁ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና በአጠገቡ አልፌ፣ የግቢውን በር ከፍቼ፣ ወደ ሱቄ ሄድኩ።