ደረቅ አቧራ

ቴክኒሺያኑ አዲስ ፊውዝ ሰክቶ ማብሪያውን ሲጫነው ፕሪንተሩ ውስጥ ጧ አለና ፊውዙ ጠቆረ። እንደ ፊተኛው ማለት ነው።

"በቃ፣ ሞቷል በለኛ!" አለ ሥራ አስኪያጁ ከበላዩ ቆሞ። "ያቺ ሴትዮ ናት ውሃ ያጠጣችው። ጠዋት ወለሉን ስትወለውል አይቻታለሁ።"

ሴትዮዋ መወልወያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። የቴክኒሺያኑም አማት ናቸው፤ ቢሮው ውስጥ ግን ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሰምተው የነገሩት እሳቸው ነበሩ። ሥራውን ሲጀምር፣ "እማማ፣ እዚያ ባንተዋወቅ ይሻላል፤ በዘመድ ገባ ይባላል" አላቸው። "ግድ የለም ልጄ" አሉት። ዘመድ ያለው ሰበብ ነው፤ ያፈረው በመወልወያው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት "እርስዎ" ሲል ያመሸ ሰው ቢሮ ሲገባ እንደ ሌላው ሁሉ፣ "አንቺ፣ እዚህ ጋ ጥረጊ" ይላል። ምላሱም አላስቸገረውም።

የሶኬቱን መብራት ቀድሞ ለክቶታል፤ ደህና ነው። ገመዱም ደህና ነው። አሁን ገመዱን ነቅሎ የጎኑን ክዳን ፈታና ለፕሪንተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ስቦ አወጣ። ዕቃው ከተገዛ ጀምሮ የተጠራቀመ አቧራ ተኝቶበታል። አቧራው ደረቅ ነው፤ ጠብታ ውሃ ነክቶት ቢሆን ኖሮ ጭቃ ሆኖ ይጋገር ነበር። ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲመጣ ቀድማ የምትሞተው ክብ ዕቃ ግን ለሁለት ተሰንጥቃለች። ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ በጉልበት ነበር የመጣው። ያንን መቻል የነበረበት ስታቢላይዘር ደግሞ ባለፈው ወር ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ተዛውሮ የቴሌቪዥን ዘበኛ ሆኗል። ተሸክሞ የወሰደለት ራሱ ቴክኒሺያኑ ነው።

"እህ? ውሃ ነው አይደል?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "የበላዮቹ ምክንያት ይጠይቁኛል። ያንተም ቋሚ የመሆን ጉዳይ እኔው ጋ ነው ያለው፤ ዛሬ ልፈርምልህ ነበር።"

"ጨርቄን ጨምቄ ነው የወለወልኩት፣ ጌታዬ" አሉ አማትየው። "ወደ ዕቃው ዝርም አላልኩ። ባለሙያው ይናገር።"

ባለሙያው በመዳፉ አቧራውን ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ጠረገው። ፈሪ ነው፤ ሌላ ስም አይፈለግለትም።

"ውሃ ሳይሆን አይቀርም" አለ።

"ሰማሽ? በይ ቁልፍሽን አስረክቢና ሂጂ!"

አማትየው አፋቸውን ከፈት አድርገው የልጃቸውን ባል አዩት። እሱ ብሎን ይፈልጋል። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

አመሻሹ ላይ ቤት ሲገባ ሚስቱ የእናቷን ጉልበት እያሸች ነበር።

"ጉድ ሰማህ? እማዬ ሥራ ለቀቅሁ ትላለች! አባረዋት ነው እንጂ እሷ ትለቃለች? አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ፣ ንገረኛ!"

"ማን ያባርረኛል?" አሉ እናትየው ወደ እሱ ሳያዩ። "ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ። ራሴው ተውኩት አልኩሽ እኮ።"

ሚስቱ ማሸቷን ትታ ወደ እሱ ዞረች። "እውነት ነው?"

እናትየው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። እሱ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

"እውነታቸውን ነው" አለ። "በእሳቸው ዕድሜ ማረፍ ነው እንጂ። እኔም ይተዉት እያልኩ ስለምናቸው ነው የከረምኩት።"