የጣሪያው ኮቴ

ቤርሳቤህ ናዋልን አላምን ካለች ሰነበተች። ናዋል ክፉ ሆና አይደለም። ቁጥብ ናት፣ አትስቅም፤ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። እንዲህ ያለች አሠሪ ለቤት ሠራተኛዋ ምክር በነፃ ስትለግስ መቼም ከጀርባው ነገር አይጠፋም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ለሥራ በመጣችበት የሶማሌዎች ከተማ፣ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሴት ልጅ መንገድ ለመንገድ ብትሮጥ ዓይን ይበላታል። ስለዚህ ቤርሳቤህ ከንጋቱ የፈጅር አዛን በኋላ የቤቱ ሰፊና ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ሶሌታ ጣሪያ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ትሮጣለች። ከፋሲካ በኋላ አገር ቤት የሩጫ ክለብ ማጣሪያ አለ፤ ካለፈች ከሰው ማድቤት ተገላገለች። ችግሩ ቅልጥሟ ነው። እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛታል።

አንድ ማለዳ ናዋል የውሃ ታንከሩን ልታይ ወጥታ ስትሮጥ አየቻት።

«እርምጃሽ ረዝሟል» አለቻት። «እግርሽ ከሰውነትሽ ቀድሞ ሩቅ ያርፋል፤ ምቱን ተረከዝሽ ተቀብሎ ወደ አጥንትሽ ይሰደዋል። ፍጥነትሽን ሳትቀንሺ እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ቶሎ ቶሎ አንሺው። እግርሽ ከሥርሽ ይረፍ።»

ቤርሳቤህ በገነች። አገር ቤት ያለው አሠልጣኟ ያደነቀላት ያንኑ ረጅም እርምጃዋን አልነበር? ይቺማ ልታበላሸኝ ነው፤ ማጣሪያው ላይ ወድቄ ዕድሜ ልኬን ቤታቸውን ስወለውል እንድኖር!

የናዋል እናት ሻሚስ ግን ሌላ ናቸው። ድሬዳዋ ያደጉ፣ ከቤርሳቤህ ጋር በአማርኛ ሲጫወቱ የሚውሉ ባልቴት ናቸው። መኝታቸው ከጣሪያው ሥር ነው።

«አቦ፣ ናዋልን አትስሚያት! ዱብ ዱብ ስትዪ ደስ ይለኛል። እንደ ግመል ዘርጋ አድርጊው» ይሏታል። እሷም የባሰ ትዘረጋለች።

ሕመሙ ደረጃ መውጣት ሲከለክላት፣ ጥቂት ቀን አረፈችና እልኋን ዋጥ አድርጋ የናዋልን ምክር ሞከረችው። መጀመሪያ በራሷ አፈረች፤ ሽንቱ የመጣበት ሰው አስመሰላት። እየዋለ ሲያድር ግን ኮቴዋ ለራሷም አልሰማ አለ፣ ቅልጥሟም ተዋት። ጥርጣሬው ግን አልተዋትም። አሁን አሽሎኝ ማጣሪያው ዕለት ቢከዳኝስ?

ይህንኑ እያብሰለሰለች፣ ሮጣ ተጣጥባ ለሻሚስ ሻይ ይዛ ገባች። ባልቴቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸው በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ! ሩጫውን ተውሽው አይደል? ይኸው ስንት ቀኑ፣ ጣሪያው ጭጭ ብሏል።» እጇን ያዙ። «ናዋል ‹እንዲህ ከቀጠለች አጥንቷ ይሰነጠቃል፣ የትም አትሄድም› ስትለኝ ጊዜ ነው እኮ ዘርጊው ያልኩሽ። አስተግፊሩላህ! ሲከብደኝ ከረመ። አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር አወራለሁ? እንኳን ሳትሰበሪ ቀረሽልኝ።»

ቤርሳቤህ አሁን ገባት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠረጠረችው ሌላዋን ነበር። ተናደደች፤ ደግሞ እጇን ሙጭጭ አድርገው ሲይዟት አሳዘኗት።

«እማማ፣ ዛሬም ሮጫለሁ» አለች።

«ዛሬም? ምንም አልሰማሁም እኮ!» አሉ ሻሚስ፤ እጇን ይበልጥ ጨበጡት።

ቤርሳቤህ ጣቶቻቸውን ቀስ ብላ አላቀቀችና ሻዩን አስያዘቻቸው።