ሽመላ ላይ ውሃ ይሸጣል

አቶ ሁሴኖ ሲገቡ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ክራር እየሰማሁ ነበር። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» ትላለች ልጅቷ፣ ከዚያ ክራሩ ይቀጥላል። እንደገና «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው»፣ እንደገና ክራር። ክቡር ከሆነ አታነሺውም እንዴ! እኔ ሐመልማል፣ ሽመላ አየር መንገድ ገና አንድ አሮጌ አውሮፕላን ብቻ ሳለው ጀምሮ አሰላ ላይ ቲኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሴትዮ፣ አዲስ አበባ ካለው ከገዛ መሥሪያ ቤቴ ጋር ለመነጋገር እንደማንኛውም መንገደኛ ተራ ጠብቄ ክራር እሰማለሁ። ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ ጉልበቴም ጆሮዬም ደክመዋል።

«አዴ ሐመልማል፣ ደህና አደርሽ?» አሉኝ በሩ ላይ እንደቆሙ።

አቶ ሁሴኖን አውቃቸዋለሁ። የዲክሲስ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ኢስራ ጅዳ ለሥራ ስትሄድ ቲኬቷን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እናትና አባት ግራና ቀኝ ይዘዋት መጥተው፣ እናትየዋ ፈይሩዛ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሳህን ጭኮ አስቀምጣ «ልጄን በደህና አድርሺልኝ» ብላኝ ነበር፣ አውሮፕላኑን እኔ የማበር ይመስል። ዛሬ ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጫማቸው የመንገድ አቧራ እንደለበሰ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

«ፈይሩዛ ትታኝ ሄደች» አሉ። «ትናንት ቀበርናት።»

«ውይ! ውይ በሞትኩት! ምን ሆና?»

«ምን ሆነች ይባላል? ከትናንት ወዲያ ማታ ደህና ነበረች። ያ ረቢ! ከእኔ ጋር ስታወራ ነበር እኮ።»

ወንበር ሳብኩላቸው፣ ውሃ ቀዳሁላቸው፣ «አላህ ያጽናዎት» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል? ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። የኢስራ መመለሻ ቲኬት ለግንቦት ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ሳምንት ትምጣልኝ ነው የሚሉት። የእናቷን ሞት አልነገሯትም። «ትንሽ አሟታል፣ አንቺን ማየት አምሯታል» ብለዋታል፣ አሠሪዎቿም እሺ ብለው ፈቅደውላታል።

«እዚያ ሰው ቤት ሆና ብትሰማ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል?» አሉኝ። «እዚህ ትምጣ። በዘመድ መሃል፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ትረዳ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አፈር ስሆን። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

«ምን ችግር አለው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ችግር አለዋ!

የሽመላ ርካሽ ቲኬት አይነካም። ቀኑ አይቀየር፣ ስሙ አይቀየር፣ ገንዘቡ አይመለስ። ቲኬት ለገዛ ሁሉ ይህን የምነግረው እኔው ነኝ፣ ለኢስራም ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፤ እሷም የቅርብ ዘመድ ሲሞት ነው። ታዲያ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ «ሞት» የሚለውን የተጫንኩ እንደሆን ማሽኑ ወዲያው ለተሳፋሪው ስልክ የሐዘን መግለጫ ይልካል። «እናትዎን በማጣትዎ ከልብ አዝነናል» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞዎ ቅናሽ አለ ይላል። እንዲህ ያለ ቅናሽ ይቅርብኝ! አምና አንድ የኦጎልቾ ልጅ የአባቱን ሞት የተረዳው ከሽመላ ነው፣ ዱባይ ላይ የሰው መኪና እያጠበ። ቤተሰቡ መጥተው የጮሁት እኔ ላይ ነው። ማሽን ላይማ ማን ይጮሃል?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሽመላን የመሠረተው እንደሻው የዚሁ የአሰላ ልጅ ነው። በትንሽ አውሮፕላን በዲክሲስ ስንዴ ላይ የዋግ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ አብራሪ ነበር። አንድ ቀን «ለስንዴ ስበር ኖርኩ፣ ለሰው ብበርስ?» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ያረጀ ባለፕሮፔለር ገዛ። ከተማው ሁሉ ሳቀበት። ቢሮ የከፈትነው ከጎሚስታው አጠገብ፣ የእህል መደብር በነበረ ክፍል ውስጥ ነው፤ የመንገደኛውን ሻንጣ የምንመዝነው ነጋዴው ጥሎት በሄደው የእህል ሚዛን ነበር። እንደሻው ራሱ ያበራል፣ ራሱ ሻንጣ ይጭናል፣ ራሱ የአሮጊቶችን ቀበቶ ያስራል። ሰው ሲሞት ደውዬ እነግረዋለሁ፤ «ልጁን አምጡት፣ ምንም እንዳትነግሩት» ይለኛል፣ አለቀ። ማሽን የለ፣ ክራር የለ።

ከዚያ አደግን። ፕሮፔለሩ ቀርቶ ጄት መጣ፣ አንዱ አውሮፕላን ብዙ ሆነ፣ ጅዳና ዱባይ መመላለስ ጀመርን፤ የአርሲ ልጆች ሁሉ በእኛ ሄዱ ብል ብዙም አላጋነንኩም። የቲኬቱ ዋጋ በወረደ ቁጥር ሌላው ነገር ሁሉ መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻንጣ ተሸጠ። ቀጥሎ መስኮት ዳር መቀመጥ ተሸጠ። ከዚያ ውሃ ተሸጠ። ውሃ! ያኔ ነው ከእንደሻው ጋር የተጣላሁት።

ምክንያት ነበረኝ። እናቱ እትዬ አሰፋች የሞቱት እሱ ሥራ ላይ ሳለ ነው። እኛም አብሮ አደጎቹን ጠርተን፣ አሰላ በገባበት ማለዳ እዚሁ ቢሮ ውስጥ አረዳነው። የእህሉ ሚዛን ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እናም ውሃ ይሸጥ ብሎ ሲመጣ «አንተ እዚያ ሚዛን ላይ ስታለቅስ እኔ ውሃ ሸጥኩልህ? ለሀዘንተኛ ውሃ አይሸጥም!» አልኩት፣ ያውም በሰው ፊት። በኋላ ሕግ ሆኖ ወጣ፤ ሽመላ ላይ ውሃ ይሸጣል፣ ለሀዘንተኛ ግን በነጻ ይሰጣል። ከእኔ ቃል ሽመላ ውስጥ የተረፈው ይሄ ብቻ ነው፣ ኮርቼበትም ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ክራሩን ትቼ ለራሱ ለእንደሻው መደወል ነበረብኝ። አሁን የቦርድ ሰብሳቢ ነው፤ ከተነጋገርን ዘመን ሆኖናል። ቁጥሩም ይቀየር አይቀየር አላውቅም። ደወልኩ። አነሳው።

«ሐሙ! አለሽ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ? ጎሚስታው ጎን ነኝ፣ ጥለኸኝ እንደሄድከው።»

ሳቀ። ነገሩን ስነግረው ሳቁ ቀረ። «እኔ እኮ አሁን እዚያ ውስጥ እጄን አላስገባም» አለኝ። «የሚልከው ሲስተሙ ነው። ከውጭ የገዛነው ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው የሚሠራው።» ድምፁ ዝሏል፤ እሱም እንደ እኔ አርጅቷል መሰለኝ።

«ሲስተሙ እናት የለውም» አልኩት። «አንተ ግን ነበረችህ።»

አቶ ሁሴኖ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። የጎሚስታው ኮምፕረሰር ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ይጮሃል።

«ያ ሚዛን አለ?» አለኝ ቆይቶ።

«አለ። አበባ አስቀምጬበታለሁ።»

«የልጅቷን ስም ላኪልኝ። መልእክቱ አይሄድም፣ በእኔ ይሁንብሽ።»

ከሰዓት በኋላ አንድ ትሑት ልጅ ከዋናው ቢሮ ደወለ። «ወይዘሮ ሐመልማል፣ የኢስራ ሁሴኖ ቲኬት ለሐሙስ ተቀይሯል፣ የሐዘን መልእክቱንም አግደነዋል» አለኝ። አንዲት መልእክት ለማስቀረት ስንት ሰው ተሯሯጠ መሰላችሁ! አቶ ሁሴኖ እዚያው ቆመው ምርቃት አወረዱብኝ፦ ልጆችሽ ይባረኩ፣ እግርሽ ይዳን፣ ደጅሽ አይዘጋ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ጉልበቴ አላመመኝም።

ኢስራ በሐሙሱ በረራ መጣች። «እናትሽ ዲክሲስ ናት፣ ነገ በጠዋት እንሄዳለን» ተብላ አሰላ አክስቷ ቤት አደረች። ሲነጋ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹና ዘመዶቿ ገቡ። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ ኋላ ገባሁ። ይሄን ያህል ሰው ሲረዳ አይቼ አሁንም አልለመድኩትም።

በሩ ሲከፈት ኢስራ ለባብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ምነው በጠዋት?» አላለችም። አቶ ሁሴኖ «ልጄ…» ብለው አፋቸው ተሳሰረ። ብድግ ብላ አቀፈቻቸው፤ ለቅሶው የተነሳው ከዚያ ነው። ደግፈን እናስለቅሳታለን ብለን የሄድነው ሴቶች፣ እሷ አባቷን ደግፋ ስታስለቅስ ቆመን አየን። «ዓረብ ሀገር አጠንክሯታል» አለች ከጎኔ የነበረችው ሴት። እኔም እንደዚያው መሰለኝ።

አቶ ሁሴኖ እስከ ደጅ ሸኙኝ። «በሰው መሃል እርሟን አወጣች» አሉኝ። «ብቻዋን አልሰማችም። አሁን እኔም እተኛለሁ።» ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ፣ በሐዘን ቤትም እፎይታ አለ ለካ።

ተዕዚያው፣ የለቅሶው ቀን፣ ካለፈ በኋላ ኢስራ ቢሮ መጣች። ወደ ጅዳ አልመለስም አለችኝ፤ አባቷ ብቻቸውን ሆነዋል። የመጣችው ልታመሰግነኝ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል፣ ጉራዬንም ነዛሁባት። እንደሻውን ራሱን ደውዬ እንዳፋጠጥኩት፣ መልእክቱ እንዴት እንደታገደ፣ ያ የኦጎልቾ ልጅ ምን እንደደረሰበት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እያወራሁ ከፍሪጅ የታሸገ ውሃ አውጥቼ ሰጠኋት። ያዘችውና አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ።

«አውቄ ነበር፣ አዴ» አለች።

«ምኑን?»

«የእናቴን ነገር። አውሮፕላኑ ላይ ነው ያወቅኩት።»

«መልእክቱ ደረሰሽ? እነዚህ ውሸታሞች! አግደነዋል ብለውኝ…»

«መልእክት አልመጣም። ውሃ ነው የመጣው።»

አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ እንዳይገባኝ ፈለግኩ።

«ስሄድ ጊዜ ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃ ብለምን ይከፈልበታል ብለውኝ፣ ሳንቲም ስላልነበረኝ ጅዳ ድረስ ሳልጠጣ ሄጃለሁ» አለች። «አሁን ግን አስተናጋጇ እኔ ሳልጠይቃት ይዛ መጣች። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ከፍላ ገዛች። እኔም ሪያል አውጥቼ ስሰጣት ‹ያንቺ አይከፈልም› አለችኝና ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ቲኬቱ አይነካም ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ተነካ። ውሃ በነጻ የለም ያሉኝ እነሱ ናቸው፤ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል?»

አበባውን ገፋ አድርጌ ሚዛኑ ላይ ተቀመጥኩ። ቲኬቱ በ«ሞት» ሲቀየር ወንበሯ ላይ የሀዘንተኛ ምልክት እንደሚወጣ፣ አስተናጋጆቹም በዚያ ምልክት ውሃ እንደሚሰጡ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሕጉ የራሴ ነው! ያን ሁሉ ተሯሩጬ መልእክቱን አስቁሜ የገዛ ውሃዬን ረሳሁት። የእናቷን ሞት ያረዳኋት እኔ ነኝ፣ ሰማይ ላይ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሃል።

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ… አክስትሽ ቤትስ ያን ሁሉ ሌሊት?»

«ምን ላድርግ? አክስቴ ቤት ስገባ አባቴ ፈገግ ለማለት ሲታገል አየሁት። ‹እናትሽ ትጠብቅሻለች› አለኝ። እንዳወቅኩ ከነገርኩት ይሰበራል። ስለዚህ እስኪያረዱኝ ጠበቅኩ።» ነጠላዬን ያዘችኝ። «እንዳትነግሪው፣ አዴ። ብቻዋን አልሰማችም እያለ ነው የሚጽናናው።»

«ሆድ ይፍጀው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ስንቱን ፈጅቷል ይሄ ሆድ።

ልትሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ ለምን እንደጠየቅኳት እንጃ፣ «ውሃውንስ ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ጠጣሁት» አለች። «አስተናጋጇ ቆማ ታየኝ ነበር። እንዳይከፋት ብዬ ጠጣሁት።»