ፎቅ ላይ ያለው ሰው

እኔ የምተዳደረው በጆሮዬ ነው። ፊልም ሲቀረጽ ድምፅ እቀዳለሁ። ጎረቤት ቤት ያለ ፍሪጅ ሲነሳ ሰምቼ ቀረጻ አስቁሜ አውቃለሁ፤ በዚህ በኩል ማንም አፉን አይከፍትብኝም።

ታላቅ እህቴ እታለም ደግሞ ተዋናይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በሌሎች ፊልም ውስጥ በር እየከፈተች «እንግዳ መጥቷል ጌታዬ» ስትል ኖራ፣ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን የምትታይበት ፊልም አገኘች። ታሪኩ ባሏ ስለሞተባት ሴት ነው፤ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው እየኖረ መሆኑ ቀስ በቀስ ይገባታል። ያ ሰው ግን አንዴም አይታይም። ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። አንዲት ሴት ግድግዳ ስታይ ማን ቁጭ ብሎ ያያታል? ፊት ለፊት ይህንኑ ብላት አኮረፈችኝ።

ፕሮዲዩሰሩም የኔው ቢጤ ነው። የተቀረጸውን አይቶ እንቅልፌን አመጣው አለና ነፍሰ ገዳይ የሚሆን ስመ ጥር ተዋናይ አስጠራ። ሰውየው ከገባ የእታለም ድርሻ ጮሃ መሞት ብቻ ነው። ዳይሬክተሯ ብትለምነው፣ የዛሬውን ትዕይንት አይቼ እወስናለሁ አላት። እታለም ይህን ሰምታ ፊቷን ደጋግማ ስትታጠብ አየሁና አንጀቴን በላችው።

በትዕይንቱ ሴትየዋ ሳህን እያጠበች ከፎቅ እርምጃ ትሰማለች። እርምጃው በኋላ በስቱዲዮ የሚጨመር ነው። ፎቁ ባዶ ነው፤ ጠዋት ራሴ ዞሬ አይቼ ቆልፌዋለሁ።

ቀረጻው ተጀመረ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማይክራፎኑን ከራሷ በላይ ይዣለሁ። እታለም ውሃውን ዘጋች። ቀና አላለችም። ጭንቅላቷ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከመስኮቱ ወደ ደረጃው ዞረ። ቆም አለ። እንደገና ዞረ።

«አቁሙ! ፎቅ ላይ ሰው እየሄደ ነው» አልኩ።

ደሜ ፈልቶ ነበር። ማን አባቱ ነው የቆለፍኩትን የከፈተው? ዳይሬክተሯ አፈጠጠችብኝ። የተቀዳውን መልሼ ከፈትኩት፤ የእታለም ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግሜ አዳመጥኩ፤ ትንፋሽ ብቻ። ያ የምመካበት ጆሮዬ ከእህቴ ፊት ላይ እርምጃ ሰምቷል። ቆሌዬ ተገፈፈ። አብሬያት አድጌ፣ ከአንድ ትሪ በልቼ፣ ለካ አላውቃትም።

ቀና ስል ፕሮዲዩሰሩ ወንበሩ ላይ የለም። ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ቁልፉን አምጣ አለኝ። ኧረ ባዶ ነው ብለው አልሰማኝም፤ ወጥቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሲከፍት ከታች እንሰማዋለን። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ስልኩን አውጥቶ ያስጠራውን ተዋናይ እንዳትመጣ አለው፤ ምክንያቱን አልነገረውም።

ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንቺ ሲላት ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰውየው ምን ይመስላል?» አላት።

እታለም እጇን በፎጣ አደረቀች።

«እኔም ገና አላየሁትም» አለችው፣ ላይ ያለው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።