ጠርሙሱን ማን ሰበረው?

በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው ማሽን ላይ ጠርሙስ በፈነዳ ቁጥር፣ ፎርማኑ ጣቱን የሚቀስረው ክዳን ገጣሚዋ ላይ ነበር። «እጅሽ ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» እያለ ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን አስደፋት።

በመጨረሻ ባለካሜራ ተጠራ። ኃይለኛ መብራት አብርቶ በሰከንድ አንድ ሺህ ምስል አነሳ። ያንኑ በሰከንድ ሃያ አምስት ብቻ እያደረገ ሲያሳያቸው፣ የአንዷ ሰከንድ ነገር አርባ ሰከንድ ፈጀ። ጠርሙሱ እየተንፏቀቀ መጣ፤ ፎርማኑ በገዛ እጁ ያጠበቀው የማሽኑ ብረት ከጎኑ ገጨው፤ ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ተዘረጋ። የእሷ እጅ ገና ክዳን እያነሳ ነበር።

«መቼም እንዲህ የፈጠነ ነገር ዓይን አይደርስበትም» አለ ፎርማኑ ጉሮሮውን እየጠረገ።

«ዓይንዎ ምን አጠፋ፣ ጋሼ» አለች። «ካሜራውን የቀደመው አፍዎ ነው።»