በወንፊት የታየው ባል

ኩሱምላታ ፍቺ አልጠየቀችም። አስቀድሜ ይህን የምለው፣ በህንዷ አምባላ ከተማ ምላስ ያለው ሁሉ «ትዳር አፍራሽ» ስላላት ነው። የጠየቀችው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ጭካኔ ለደረሰባት ሚስት የሚፈቅደውን፣ ሳይፋቱ ተለያይቶ መኖርን ብቻ ነበር። ወንድሟ «የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣሽ ቤቴ አትቆዪም» ብሏታል። ወረቀቱ ካልተገኘ መመለሻዋ ባሏ ዳርምቪር ጋ ነው፤ መዳፏን የጋለ የቂጣ ምጣድ ላይ ይዞ ያቃጠላት ሰው ጋ።

ጠበቃዋ እኔ ነኝ። የሐኪም ማስረጃ አቀረብኩ፤ ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። የባልየው ጠበቃ ቻውላ ግን የተነሣው አንድ ፎቶ ይዞ ነው። ኩሱም በወንድሟ ቤት ጣሪያ ላይ ቀይ ሳሪ ለብሳ ጨረቃን በወንፊት ታያለች፤ በሌላው እጇ የዳርምቪር ምስል አለ። ያነሳቻትም ለዘመድ አዝማድ የላከችውም የወንድሟ ሚስት ናት። በእኛ ዘንድ ሚስት በዓመት አንድ ቀን ለባሏ ዕድሜ ትጾማለች፤ ጾሙን የምትፈታውም ጨረቃን፣ ከዚያም ባሏን በወንፊት አይታ ነው።

«ባለፈው ጥቅምት፣ ከቤቱ በወጣሽ በአራተኛው ወር፣ ለባልሽ ዕድሜ ብለሽ ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ ዋልሽ?»

«አዎ።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንዲህ የምትጾምልኝ የተበደለች ሚስት እኔም ባገኘሁ!»

ችሎቱ ሳቀ። ተነሣሁ።

«ለምን ጾምሽ?»

«ፈርቼ ነዋ፣ እትዬ! ሳልጾም ቀርቼ አንድ ነገር ቢሆን ‹ባሏን በላች› ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት የጾምኩት እኮ እንዲሁ ነው።»

ዳኛው ከምሳ በኋላ ወሰኑ፦ ጾሙ ይቅርታ ነው፤ ይቅር የተባለ ጭካኔ ለመለያየት ምክንያት አይሆንም። ፍርሃትን ይቅርታ ብለው ጻፉት! በዚያ የጥቅምት ጾም የእርሳቸውም ሚስት ጾማለች። የእኔን ጥፋትም አልደብቅም፤ ችሎት ከመግባታችን በፊት ስለ ጾሙ አልጠየቅኳትም። እኔም ጾሜ ነበርና የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ዳርምቪር ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ይጠብቃል። ወንድሟ ሻንጣዋን ከኋላ ያስራል።

«ይግባኝ እንላለን» አልኳት።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመት። ምናልባት ሁለት።»

«የሚመጣው ጥቅምት ባልጾምስ፣ እትዬ? ማስረጃ ይሆነኛል?»

«ይሆናል።»

«እሱ ቤት ሆኜ? እናቱ ፊት?»

 የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳበችና ከዳርምቪር ኋላ ተፈናጠጠች።