በሟች ስም የተቆረጠ ትኬት

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ሲል ጋሽ ቁልፍ የላፕቶፑን ክዳን እስከ ግማሽ መለስ አደረጉት። ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ጠበቁ። ወዲያኛው ክፍል ውስጥ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ጨርቅ ተጎተተ፣ ከዚያ መኪናው እንደገና ትርርር ማለት ጀመረ። ምራታቸው አልተነሳችም ማለት ነው። ክዳኑን መልሰው ከፈቱት።

«ሙሉ ስም፣ እስከ አያት» ይላል።

«የኔ አያት ምን ሊያደርግልህ ነው?» አሉ በሆዳቸው።

ሰፈሩ ጋሽ ቁልፍ የሚላቸው በከንቱ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ባንክ ቤት የካዝና ቁልፍ ያዥ ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም ያው ናቸው። የክፍላቸው በር ሁለት ቁልፍ አለው፣ ቁም ሳጥኑ አንድ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሳጥን ደግሞ ሌላ አንድ። እዚያ ቤት የማይቆልፉት የስኳር ዕቃውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሐኪም ስኳር ስለከለከላቸው ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ የግድ ሆነ። ታላቅ እህታቸው፣ እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገቻቸው፣ ሌላ ከተማ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሐሙስ ጠዋት ልቧን ልትቀደድ ነው። ትናንት ደውላ «አንተ ልጅ» አለቻቸው። እሷ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ እሳቸው ሰባ አንድ ናቸው፤ ለሷ አሁንም ልጅ ናቸው። «ሐኪሙ በጣም ፈገግ ይልብኛል። አላማረኝም። ሳልገባ ፊትህን ልይ።»

ዛሬ ማክሰኞ ነው። በመኪና ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል። ያለው የነገው አውሮፕላን ብቻ ነው። ድሮ ትኬት በእጁ እየጻፈ የሚቆርጥላቸው ሰውዬ የለም፤ መስኮቱ ተዘግቶ «በኢንተርኔት ይስተናገዱ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ምራታቸው ትናንት እራት ላይ «እኔ እቆርጥልዎታለሁ» ብላቸዋለች። ችግሩ ፈጥና ማለቷ ነው። ሰው ለሌላ ሰው ጉዳይ እንዲህ ሲፈጥን ጋሽ ቁልፍ አይወዱም። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት ስልክ ስታወራ «ሽማግሌው ይሂዱልኝ እንጂ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» ስትል በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እሷ፣ እንደ ሁለት ድመት እየተያዩ፣ ሁለት ዓመት አለፋቸው።

ብቻቸውን ለመቁረጥ የወሰኑት ለዚህ ነው።

ስሙ ላይ ብዙ አሰቡ። ስም ማለት ቁልፍ ነው፤ አንዴ ከእጅህ ከወጣ ወጣ። ሌቦች ቢሆኑስ? በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላቸውና ለብቻቸው ፈገግ አሉ። የዝምተኛውን ስም ጻፉ። ዝምተኛው ሁለተኛውን የካዝና ቁልፍ ሃያ ስድስት ዓመት የያዘ ባልደረባቸው ነው፤ ካረፈ አምስት ዓመቱ። የሞተ ሰው ማን ይዘርፈዋል? ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ከነልደት ቀኑ በአንድ ጣት ለቀም ለቀም አድርገው አስገቡት።

የካርድ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ግን ማሽኑ ቀልድ አልወደደም። የፈጠራ ቁጥር ሰጡት፣ በቀይ መለሰላቸው። ሌላ ሰጡት፣ መለሰላቸው። ሲመራቸው እውነተኛውን አስገብተው፣ በመልእክት የመጣላቸውን ቁጥር መትተው ከፈሉ። በመጨረሻ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ» አላቸው። የራሳቸውን ጻፉ። አደጋ ቢደርስብኝ ከኔ ቀድሞ ማን ይሰማል?

ትኬቱ መጣ። ወደ ኋላቸው ተደገፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ።

«የተጓዡ ስም ከመታወቂያው ጋር ካልተመሳሰለ መሳፈር አይቻልም።»

ሁለቴ አነበቡት። ነገ የሚሳፈረው ዝምተኛው ነው ማለት ነው።

ምራታቸውን ቢጠሯት ታስተካክለው ይሆናል፤ ግን ምን ብለው? የሞተ ሰው ልኬ ነው ሊሏት? ጎግል ላይ «ትኬት ላይ ስም ለማስተካከል» ብለው ጻፉና መጀመሪያ የመጣውን ስልክ ደወሉ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«አባቴ፣ እንዴት አደሩልኝ? ለደህንነትዎ ሲባል ንግግራችን እየተቀዳ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።»

ጋሽ ቁልፍ ትከሻቸው ወረደ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰሙት የቢሮ አነጋገር ነው። ጉዳያቸውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱ።

«የሟች ስም ነው የተጻፈው?»

«በስሕተት ነው።»

«ምንም አይደል አባቴ። ብዙ ሰው ይሳሳታል።» አልሳቀባቸውም። ምራታቸው ብትሆን ሦስት ቀን ነበር የምትስቀው። «የከፈሉበትን የካርድ ቁጥር ይንገሩኝ፣ ላመሳክር።»

ላመሳክር። ይቺን ቃል የሚያውቅ ሰው ሌባ አይሆንም ብለው ሰጡት፣ ከጀርባው ካለው ቁጥር ጋር።

«ጎበዝ አባቴ። አሁን ስድስት አሃዝ በመልእክት ይደርስዎታል። እሱን ሲያነቡልኝ ስሙ ወዲያው ይቀየራል።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው መልእክቱን ከፈቱ። የስፌት መኪናው መቆሙን ልብ አላሉም።

«አራት» አሉ። «ዜሮ። ሰባት…»

አንድ መዳፍ ስልኩ ላይ አረፈ፣ አውራ ጣቱ ቀዩን ምልክት ተጫነ። ምራታቸው ነች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ አንድ ጫማ በእግሯ፣ አንዱ በሩ ጋ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ሦስቱን ብቻ ነው ያነበቡት?»

«ሰው ሳያንኳኳ ይገባል እንዴ?»

«በሩ ክፍት ነው። አባባ፣ ሦስቱን ብቻ ነው?»

በሩን አዩት። ሁለት ቁልፍ ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ ረስተውታል።

«ሦስቱን» አሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ትንፋሿን ለቀቀችው። «መልእክቱን ያንብቡት። ቁጥሩን ሳይሆን ከሱ በታች ያለውን።»

አነበቡ። ስለ ስም ማስተካከል አንድም ነገር የለውም። የትኬቱን ዋጋ አሥራ አምስት እጥፍ የሚያህል ክፍያ ሊፈጸም መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎ «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ይላል። ያን ሁሉ ዘመን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበቡ ሰውዬ ዛሬ ትልልቁን ቁጥር አይተው ታቹን ዘለሉት።

ስልኩ ጠራ። ያው ቁጥር ነው። ሁለቱም እንደ እባብ አዩት።

«አያንሱት።»

«አላነሳም።»

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ። ዝም ሲል ቀና አሉና «እኔ እኮ ነኝ የደወልኩለት። እሱ አይደለም የደወለልኝ» አሉ።

«ከየት አመጡት ቁጥሩን?»

«እዚህ። የመጀመሪያው ላይ።»

«የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል።» ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ትኬቱን፣ ከዚያ እሳቸውን። «ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ነገሯት። ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠች፤ ሳቋ እንዳይታወቅባት ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«እና ስሙን ደብቀው ካርዱን ሰጡ» አለች። «አባባ፣ በሩን ከፍተው የውሻውን ስም ነው የደበቁት።»

«ጨረስሽ?»

«ለዛሬ ጨርሻለሁ።»

ባንኩ ጋ ካርዱ ጀርባ ላይ በታተመው ስልክ፣ አየር መንገዱ ጋ ደግሞ ትኬቱ ላይ ባለው ስልክ አስደወለቻቸው። ቁጥሩን እሷ አልነካችም፣ እሳቸው እያነበቡ ነው የመቱት። ባንኩ ካርዱን አገደው። የአየር መንገዱ ሴትዮ አሥራ ሁለት ደቂቃ አስጠብቃ በተሰላቸ ድምፅ መለሰች። አባቴ አላለቻቸውም። ስም ወደ ሌላ ሰው አይዛወርም፤ ዛሬውኑ ስለተቆረጠ ግን ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ወደ ካርዱ ባለቤት ይመለሳል፤ አዲስ ይቁረጡ፤ ለነገ ሦስት ቦታ ነው የቀረው። ምንም ኮድ አልጠየቀቻቸውም። ዘጋችባቸው።

«ይቺ እውነተኛ ናት» አሉ ጋሽ ቁልፍ።

«ሌላ ካርድ አለዎት?» አለች ምራታቸው። «ያ ታግዷል።»

አለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ሳጥን ውስጥ አለ፤ ለቀብሬ ብለው ያስቀመጡት፣ ልጃቸው እንኳ የማያውቀው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሽማግሌው ይሂዱልኝ ስትይ ሰምቻለሁ።»

ባንክ ቤት እያሉ ውሸታም የሚለዩት በዓይኑ ነበር፤ ከመመለሱ በፊት ጣራ ጣራ ያያል። እሷ ጣራ አላየችም። ቀላች እንጂ።

«ብያለሁ» አለች። «የሆቴል መጋረጃ ይዣለሁ፣ ስልሳ መስኮት ነው። የመቁረጫ ጠረጴዛ የሚበቃው እርስዎ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ቢሄዱልኝ ብዬ ነው።» ቀጥላም «እውነቱን ከፈለጉ ደግሞ፣ ለሁለት ሳምንት ኮቴዬን የሚቆጥር ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል» አለች።

ጋሽ ቁልፍ ይቺን አልጠበቁም። ለማስተባበያ ተዘጋጅተው ነበር፣ ማስተባበያ ቢሆን መልስ ነበራቸው።

«ስልሳ መስኮት» አሉ።

«ስልሳ። ሲመለሱ ጠረጴዛው ይወጣል። ካላመኑኝ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ።»

ተነሱና ከኪሳቸው የቁልፍ ቀለበቱን አወጡ። ቁም ሳጥኑን ሲከፍቱ ከኋላቸው አልጋው ሲንቋቋ ሰሙ። ልታይ ተነሳች ብለው ዞር አሉ። አይደለም። እንደተቀመጠች ዞራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋለች።

ቁልፉ እጃቸው ላይ ቀረ። ካዝናው በሁለት ቁልፍና በሁለት የሚስጥር ቁጥር ነበር የሚከፈተው። እሳቸው ቁጥራቸውን ሲያዞሩ ዝምተኛው ግድግዳውን ያያል፤ ዝምተኛው ሲያዞር እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን «ዙር» ተባብለው አያውቁም። የሌላውን ቁልፍ ልያዝልህ ያለ ሰው ሲገኝ ነበር ፖሊስ የሚጠራው።

ሳጥኗን ከፈቱ፣ ካርዱን አወጡ።

«መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ከላይ ያለውን የድረ ገጽ አድራሻ ትኬቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ» አለች ግድግዳውን እያየች። አንድ በአንድ አስተያዩ፣ ፊርማ እንደሚያመሳክሩ። አንድ ነው። በዚህኛው ዙር የራሳቸውን ስም ጻፉ፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን። መታወቂያቸውን አጠገባቸው አድርገው ሦስቴ አዩት። ሁለት ቦታ ነው የቀረው ይላል አሁን።

መልእክቱ መጣ። ሙሉውን እስከ ታች አነበቡት፤ ልኩ የትኬቱ ዋጋ ነው።

«ቁጥሩ ደቃቅ ነው፣ አንብቢልኝ» አሉ ስልኩን ወደሷ ዘርግተው። ሊፈትኗት ይሁን ሊያምኗት እሳቸውም አልለዩትም።

አልዞረችም። «ለኔም አይነገርም አባባ። መነጽርዎን ያድርጉ።»

አድርገው ነበር። ቁጥሩን መቱ። ተከፈለ።

«ዞር ልበል?»

«ቆይ።»

ማሽኑ ያቺን የመጨረሻ ጥያቄውን ይዞ መጥቷል፤ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ። ልጃቸው መንገድ ላይ ነው፣ ግማሹ መንገድ ኔትወርክ የለውም። ጋሽ ቁልፍ ጣታቸውን አንስተው ትንሽ አቆዩት። ከዚያ የምራታቸውን ቁጥር ጻፉ። ደብተር አላዩም። እዚያ ቤት በገባች በሳምንቱ፣ አንድ ቀን ለፖሊስ ያስፈልገኝ ይሆናል ብለው በቃላቸው ይዘውታል።

«አሁን ዙሪ» አሉ። ካርዱን ሳጥኗ ውስጥ አልመለሱትም፣ የበሩን ሁለት ቁልፎች ከቀለበቱ እያወጡ ነበር። «በይ ሜትርሽን አምጪ። ጠረጴዛሽ በዚህ በር የሚገባ አልመሰለኝም።»